ዶሮ ከመግዛት በፊት ካሬ ሜትር መቁጠር

በወላይታ ሶዶ በዶሮ እርባታ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚያጣራው የጫጩት ዋጋ ነው። ቀጥሎ የመኖ ኩንታል ስንት እንደገባ ይጠይቃል። የእንቁላሉን ዋጋ ደላላው ሳይጠየቅም ይነግረዋል። ቤቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ትርፍና ኪሳራው የሚለየው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ወላይታ ሕዝብ የተጠጋጋበት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ የነበረው ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 357 ሰው ገደማ ይደርስ ነበር። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የከተማው ቦታ ፈላጊው ብዙ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ጓሮውን ለዶሮ እንዲያስብ ገፋፍቷል። ጠባብ ጓሮና ብዙ ዶሮ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

የሙያው መመሪያ ግልጽ ነው። ወለሉ ላይ በጉዝጓዝ ለሚያድሩ እንቁላል ጣዮች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ይመከራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ከኬጅ ውጪ የሚረቡ እንቁላል ጣዮች በካሬ ሜትር ከ9 እንዳይበልጡ፣ ለእያንዳንዷም 15 ሴንቲ ሜትር ቆጥ እንዲኖራት ደንግጓል። ይህም አየር ማናፈሻ በተሟላለት ዘመናዊ ቤት ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ክረምቱ በሚረዝምበት አገር፣ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ ለተሠራ ቤት ዝቅተኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል።

ሂሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 3 በ4 የሆነ ቤት 12 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 5 ቢባል 60 ዶሮ ይይዛል። ባለቤቱ «ቦታ አይባክን» ብሎ 120 ያስገባል እንበል። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ስለምትበላ 60ዎቹ 7.2 ኪሎ፣ 120ዎቹ 14.4 ኪሎ ይፈጃሉ። 60ዎቹ ተመችቷቸው 80 በመቶ ቢጥሉ በቀን 48 እንቁላል ይገኛል። በተጨናነቀው ቤት ጥሉ ወደ 50 በመቶ ቢወርድ 60 ይሆናል። የተጨመሩት 60 ዶሮዎች 7.2 ኪሎ መኖ ጨርሰው ያስገኙት 12 እንቁላል ብቻ ነው ማለት ነው። ለአንድ ተጨማሪ እንቁላል 600 ግራም መኖ ወጣ፤ እንቁላሉ ራሱ ግን 60 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ጥሉ 65 በመቶ ላይ ቢቆም እንኳ ተጨማሪው እንቁላል 240 ግራም መኖ ይበላል፤ በሰፊው ቤት የሚፈጀው 150 ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጥሉ የሚወርድበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ጉዝጓዙ ቶሎ ይረጥባል፤ ከኩሱ የሚነሣው አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ የደም ተቅማጥ ይነሣል። ጉልበተኛዋ መመገቢያውን ስትይዝ ደካማዋ ትራባለች፤ መነካከሱም ይከተላል። ፈንግል የገባ ዕለት ደግሞ የተጠጋጉት በቀላሉ ይተላለፉበታል። ክትባት ከፈንግል ይከላከላል እንጂ የረጠበ ጉዝጓዝ አያደርቅም።

«እናቶቻችን ዶሮ ያረቡት ሳይለኩ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የአበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ በእንሰቱና በቡናው ሥር ስትጭር ውላ ወደ ቆጥ የምትገባው ለማደር ነው። ውሎዋ ሰፊ ስለሆነ ማደሪያዋ ቢጠብ ብዙም አይጎዳትም። ተዘግቶባት የምትውለው የውጭ ዝርያ ግን የምትበላውም፣ የምትጥለውም፣ የምትተነፍሰውም በዚያችው ወለል ላይ ነው።

በመሆኑም የ45 ቀን ጫጩት የሚያከፋፍለው ነጋዴ «ስንት ልስጥህ?» ከማለቱ በፊት «ቤትህ ስንት በስንት ነው?» ቢል ደንበኛው ለከርሞ ይመለስለታል። አበዳሪም የወለሉን ስፋት ሳይለካ ለዶሮ ብድር መፍቀድ የለበትም። ተጨማሪ ዶሮ የሚፈልግ ባለሀብት አስቀድሞ ግድግዳውን ይግፋ፤ የግድግዳ ወጪ አንዴ ይከፈላል፣ የመኖው ግን በየቀኑ ነው። የሚገፋ ቦታ የሌለው 60 ላይ ይቁም። ከዚያ በላይ የምትገባው ዶሮ የምትበላው ከ60ዎቹ ትርፍ ላይ ነው።