ጸሎትን በእንባ ለሚሰፍሩ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ተቆጥቼ ነው። ቁጣ ለሽማግሌ እንደማያምርበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተቆጣሁበትን ምክንያት ስትሰማ ምናልባት ትፈርድልኛለህ።

በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ አልፎ አልፎ እየመጡ ይጠይቁኛል። ከእነርሱ አንዱ፣ ዕድሜው ሃያ አራት የሆነ ጎበዝ፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ ቤቴ መጣና ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ «ጋሼ፤ እኔ እግዚአብሔር የተወኝ ሰው ነኝ» አለኝ። ምን ብታደርግ ነው? ብዬ ብጠይቀው ምንም አላደረገም። የሚሄድበት የጸሎት ጉባኤ አለ፤ በዚያም ሌሎቹ ያለቅሳሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ራእይ አየን ይላሉ፤ እርሱ ግን ምንም አይሰማውም። መሪያቸው «የተደበቀ ኃጢአት ቢኖርብህ ነው እንጂ እግዚአብሔር ዝም አይልም» ብሎታል። ልጁም ያን ኃጢአት ፈልጎ ፈልጎ ባጣው ጊዜ ሌላ ዘዴ አገኘ፤ ስድስት ወር ሙሉ ወደ ጉባኤው ከመግባቱ በፊት ዓይኑን በጣቱ እያሸ ያቀላ ነበር። «አሁን ግን ማስመሰሉም ደከመኝ፤ ጸሎቱንም ተውሁት» አለኝ።

ጉባኤው የየትኛው ሃይማኖት እንደ ሆነ አልጽፍም፤ በሽታው የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ስብከት ሁሉ በእጅ ስልክ ከኪስ ወደ ኪስ በሚተላለፍበት በዛሬው ዘመን አጥር የሚያግደው ነገር የለም።

የእነዚህን ሰዎች አሳብ አጣምሜ እንዳላቀርብ እፈራለሁና በቅንነት ልናገርላቸው። የሚሉት እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር ሕያው ነው፤ ሕያው ከሆነ ይመልሳል፤ ከመለሰ ሰውየው ይሰማዋል፤ ካልተሰማው አልተመለሰለትም፤ ካልተመለሰለትም ጥፋቱ የራሱ ነው። ደግሞም መጽሐፍ ቅዱስ እንባን ያከብራል፤ አባቶቻችንም «ሀብተ አንብዕ» ብለው ጠርተውታል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው እውነት ነው። ነገር ግን ሀብት ማለት በግእዙ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታን በነፍስ ወከፍ እንደ ግብር የሚያስከፍል ሰው ከወዴት መጣ?

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ይዤው የወጣሁት ትልቁ ነገር የፈረንጅ ቋንቋ አይደለም፤ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አቧራ ለብሰው ያገኘኋቸው የቀርሜሎስ ማኅበር ቅዱሳን መጻሕፍት ናቸው። በልጅነቴ አልገቡኝም ነበር፤ ወፍራም ስለ ነበሩ ብቻ ተሸክሜ መታየት እወድ ነበር። የገቡኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ለዚያ ልጅ የመለስሁለትም ከእነርሱ እየቀዳሁ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩ ስሙን ያገኘው በሐይፋ ከተማ አጠገብ ካለው ከቀርሜሎስ ተራራ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከበዓል ነቢያት ጋር በተከራከረ ጊዜ እሳት ከሰማይ የወረደው በዚያ ተራራ ላይ ነው። ጸሎትን በእንባ የሚሰፍሩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እጅግ ይወዱታል፤ መጽሐፉን ግን እዚያው ላይ ይከድኑታል። እስቲ አንድ ምዕራፍ ይጨምሩ። ያ እሳት ያወረደ ነቢይ ብዙ ሳይቆይ ፈርቶ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። የተላከለት መልአክም የተደበቀ ኃጢአትህን ተናዘዝ አላለውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው። በኮሬብም እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ አልነበረም፤ በምድር መናወጡም አልነበረም፤ በዚያ በሚወዱት በእሳቱ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

በዚያ ተራራ ላይ፣ ኤልያስ ምንጭ በሚባለው ውሃ አጠገብ፣ ጥቂት ባሕታውያን ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ከ1206 እስከ 1214 ባለው ጊዜ ውስጥ የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ አልቤርቶስ የአኗኗር ሥርዓት ጻፈላቸው። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ እንዲቀመጥ፣ ሌላ ተገቢ ሥራ ካልያዘው በቀር የእግዚአብሔርን ሕግ ቀንና ሌሊት እያሰላሰለ በጸሎት እንዲተጋ፣ በእጁም እንዲሠራና ጸጥታን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ምን እንዲሰማው ግን አያዝዝም።

ከዚህ ማኅበር ልጆች ታላቋ በ1515 በስፔን አገር የተወለደችው የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ ናት። በ1535 ገዳም ገባች፤ በ1562 ማኅበሩን ወደ ቀድሞው ጥብቅ ኑሮ ለመመለስ የመጀመሪያውን የታደሰ ገዳም መሠረተች፤ በ1970 ከሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ ሆና የቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ ተሰየመች። እንግዲህ ይህች የጸሎት መምህርት ስለ ራሷ ምን ጻፈች? ለብዙ ዓመታት በጸሎት ሰዓት አሳቧ ከጸሎቱ ይልቅ የጸሎቱ ሰዓት የሚያልቅበት ላይ እንደ ነበረ ጻፈች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል በድርቀት ስትጸልይ፣ ከቅዱስ ቁርባን በኋላ ካልሆነ በቀር፣ መጽሐፍ ሳትይዝ ለመጀመር እንደማትደፍር ጻፈች። አንድ ዓመት ያህልም፣ እንደ እኔ ያለች ኃጢአተኛ ከእግዚአብሔር ጋር ልነጋገር አይገባኝም ብላ ጸሎቱን ጭራሽ ተወችው፤ ይህ ትሕትና የመሰላት ነገርም በዕድሜዋ ሁሉ የገጠማት ክፉ ፈተና እንደ ነበረ አስረድታለች። ያን ልጅ በዚያ ጉባኤ የገፉት ወደዚህ ገደል ነው።

ነፍስንም በአትክልት ቦታ መስላ አራት ዓይነት ውሃ ማጠጫ ቆጥራለች፤ ከጉድጓድ በባልዲ መቅዳት፣ በመዘውር መሳብ፣ ከወንዝ መጥለፍ፣ በመጨረሻም ዝናብ። ጀማሪው ባልዲውን ይጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም ደረቅ ሆኖ ይመለስለታል። የአትክልቱ ባለቤት ግን ያንን ድካም ይቆጥርለታል፤ አበባውንም ያለ ውሃ ሊያሳድገው ይችላል ትላለች። ዝናብ አልዘነበልህም ብሎ ባልዲ ያዡን የሚያባርር እርሻ አዋቂ ይኖራል?

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ይነሡብኛል፤ «ተሬዛ ራሷ ራእይ አይታ የለምን? ተመስጦስ አልነበራትምን?» ይላሉ። አዎን፤ ነበራት። ነገር ግን ትፈራው ነበር፤ ለንስሐ አባቶቿና ለሊቃውንት እየነገረች ታስመረምረው ነበር፤ በሰው ፊት በሆነባትም ጊዜ ታፍር ነበር። ስለ ሌሎችም ምን እንዳደረገች ስሙ። በ1577 በጻፈችው «የነፍስ ሕንፃ» በሚባለው መጽሐፏ፣ ጾምና ትጋት ሲበዛባቸው እየደከሙ ራሳቸውን እንደ ሳቱ ሆነው ስለሚቀመጡ እኅቶች ትናገራለች። እነርሱ ተመስጦ ሲሉት እርሷ ጅልነት ብላ ጠራችው፤ ጤናንም ጊዜንም ማባከን ነው አለች። ስምንት ሰዓት በዚህ ዓይነት የምትቆይ አንዲት ሴት እንደ ነበረችም ትተርካለች፤ የተፈወሰችው በእንቅልፍ፣ በምግብና ተጋድሎዋን በመቀነስ ነው። መልአኩ ለኤልያስ ያዘዘውን ያንኑ መድኃኒት ነው ያዘዘችላቸው። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ፣ የምትረጂያት የታመመች እኅት ካየሽ ያ ጣፋጭ የጸሎት ስሜት ይጥፋብሽ፤ ጸጸትም አይያዝሽ የሚል ምክር አለ። እኔ እስከ ዛሬ በእንባ ሰፋሪዎች ዘንድ ከጉባኤው ቀርቶ የታመመ ጎረቤቱን ያጠበ ሰው ሲመሰገን አልሰማሁም።

ሁለተኛው መምህሬ በ1542 የተወለደው ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ነው። የተሬዛ የሥራ ባልደረባ በመሆኑ፣ ተሐድሶውን የተቃወሙት የገዛ ማኅበሩ ወንድሞች በታኅሣሥ 1577 ይዘው በቶሌዶ አሰሩት። እስከ ነሐሴ 1578 ድረስ፣ አምልጦ እስኪወጣ፣ ዘጠኝ ወር ያህል በጠባብና በጨለማ ክፍል ቆየ፤ ተገረፈም። እንግዲህ ስለ ነፍስ ጨለማ የሚያስተምረው ሰው ጨለማን በወሬ የሚያውቅ አይደለም። የእርሱ ትምህርት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር ጀማሪውን እናት ሕፃኗን እንደምትይዝ በክንዱ አቅፎ በጣፋጭ ወተት ያሳድገዋል፤ ልጁ ሲጠና ግን እናት ጡቷን ሬት ትቀባለች፤ ከክንዷም አውርዳ በእግሩ ታስኬደዋለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ጡት ያስጣለችው በዚሁ በሬት ነበረና። ሕፃኑ ሬቱን ቀምሶ እናቴ ጠላችኝ ብሎ ሲጮህ፣ ከጎን ቆሞ «አዎን፤ አጥፍተህ ነው» የሚለውን ጎረቤት ምን ትለዋለህ?

ነገር ግን ዮሐንስ የዋህ አይደለም፤ ድርቀት ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አይልም። ከስንፍናም ከሕመምም ሊመጣ ይችላል። መለያ እንዲሆንም ሦስት ምልክት ሰጠ፤ ሰውየው በእግዚአብሔር ነገር ደስታ እንዳጣ ሁሉ በዓለምም ነገር ደስታ ማጣቱ፤ እግዚአብሔርን አላገለገልሁም ብሎ መጨነቁ፤ እንደ ቀድሞው በአሳቡ ማሰላሰል አለመቻሉ። እኔም ልጁን በነዚህ መረመርሁት። እንቅልፍህስ? ምግብህስ? ብዬም ጠየቅሁት፤ ሕመም ቢሆን ኖሮ የምልከው ወደ ሐኪም ነበረ። ሁለተኛው ምልክት በፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እግዚአብሔርን የተወ ሰው፣ እግዚአብሔር ተወኝ ብሎ በዝናብ ሁለት ሰዓት በእግሩ አይመጣም።

ስለ ሊዚየዋ ታናሽ ተሬዛ ብዙ አልጽፍም፤ መጽሐፏ በእጅ የሚገባ ነውና አንብባት። በጸሎት ሰዓት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ከ1896 ፋሲካ ጀምሮ በመስከረም 1897 በሃያ አራት ዓመቷ እስክትሞት ድረስ ሰማይ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ በጨለማ ተሸፍኖባት ኖረች። ከገዳሟ ሳትወጣ በ1927 የሚሲዮናውያን ጠባቂ የተባለች እርሷ ናት። ወደዚያ ልጅ ጉባኤ ብትመጣ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ያባርሯት ነበር።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የከበደኝን ልጻፍ። ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና «ጋሼ፤ ግን እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን?» አለኝ። ምን አስተማርኋችሁ? አልሁት። ሰባተኛ ክፍል ሳለ በጠዋቱ ጸሎት ላይ አንዲት ልጅ ታለቅሳለች፤ እኔም ክፍሉን በሙሉ ዓይኑን አስገልጬ «እዩዋት፤ ጸሎት ማለት እንዲህ ነው» ብያለሁ። ነገሩን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ልጅቱ ያለቀሰችው አባቷ በዚያ ሳምንት ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ መሆኑንም የነገረኝ እርሱ ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። እነዚያን መጻሕፍት አንብቤ ነበር፤ ተሬዛን ዮሐንስን አውቅ ነበር፤ በእጄ ግን የያዝሁት ያንኑ የእንባ ቁና ነበር። ሕፃናት ጸጥ ብለው ሲጸልዩ ለአስተማሪ የሚታይ ነገር የለም፤ የሚያለቅስ ልጅ ግን ይታያል፤ ለአስተማሪውም ምስጋና ያመጣል። የጉባኤ መሪዎችንም የሚያታልላቸው ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ የተቆጣሁት በእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ያን ልጅ ዓይኑን እንዲያሽ መጀመሪያ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጅቱንም ፈልጌ ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች አሉኝ።

ልጁ አሁን በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ሁለታችንም መጽሐፋችንን ይዘን ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ከዚያ በኋላ ቡና ይፈላል፤ ስኒውን የሚያጥበው እርሱ ነው። ባለፈው እሁድ እንዴት ነበር? ብዬ ብጠይቀው «ደረቅ ነው ጋሼ፤ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አየሁ» አለኝ። እኔ ሦስት ጊዜ ማየቴን አልነገርሁትም።