ከ22 ደቂቃ በኋላ የሚቀረው



በወላጆች ስብሰባ ላይ «ጌም» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙውን ጊዜ አቤቱታ ይከተለዋል። ልጁ በጊዜ አይተኛም፣ መጽሐፍ አይገልጥም፣ ሲጠሩት አይሰማም ይባላል። ቅሬታው መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ሁሉም መጽሐፍ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ሁሉም ጌም አንድ አይደለም። ዛሬ ስለ አንዱ መጻፍ የፈለግሁት እኛ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውን ነገር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ጌሙ «አውተር ዋይልድስ» ይባላል። መነሻው አሌክስ ቢቹም በአሜሪካ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለማስተርስ ዲግሪው ያዘጋጀው የመመረቂያ ሥራ ነበር። ሞቢየስ ዲጂታል የተባለ አነስተኛ ድርጅት አሳድጎት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2020ም በብሪታንያ የባፍታ የምርጥ ጌም ሽልማትን አገኘ። የትምህርት ቤት ሥራ የት ሊደርስ እንደሚችል ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ።

ተጫዋቹ ከአንዲት ትንሽ ፕላኔት ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠፈር የሚወጣ ጀማሪ ጠፈርተኛ ነው። ጠመንጃ አይታጠቅም። የያዘው የጥንት ጽሑፍ የሚተረጉምበት፣ የሩቅ ድምፅ የሚያዳምጥበትና ፎቶ የሚያነሣበት መሣሪያ ነው። ከ22 ደቂቃ በኋላ ግን ፀሐይዋ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር ይጠፋና ተጫዋቹ በመጀመሪያው ቦታ፣ በእሳቱ ዳር፣ እንደገና ይነቃል። ያጠራቀመው ገንዘብ ወይም የጨመረው ጉልበት የለም። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገረው ያወቀው ነገር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ሁለት መንትያ ፕላኔቶች አሉ። እንደ አሸዋ ሰዓት የአንዷ አሸዋ ወደ ሌላዋ ይፈስሳል። በአንዷ ላይ ዋሻዎች ሲደፈኑ በሌላዋ ላይ ተቀብሮ የነበረው ይገለጣል። ዘግይቶ የደረሰ ተጫዋች ዋሻው ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ግን በከንቱ አልመጣም፤ በሚቀጥለው ዙር ቀድሞ መድረስ እንዳለበት ተምሯል። በየፕላኔቱ የሚገኘው የጥንት ሕዝብ ጽሑፍም ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፦ አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይጠይቀዋል፣ ሦስተኛው ይሞክረዋል፤ ያልተሳካውም ሙከራ አብሮ ተጽፏል።

መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ጌም በአንድ ዙር ሊጨርሰው ይችላል። ለማያውቀው ግን ብዙ ሰዓታት ይፈጅበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ብቻ ነው። መልሱን ከሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ አይቶ የጨረሰ ልጅ ደግሞ ጌሙን ጨረሰው እንጂ አልተጫወተውም። የቤት ሥራ መልስ ከጓደኛው በቴሌግራም ተቀብሎ የሚገለብጥ ተማሪም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንምጣ። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ብዙ ተማሪ የሚያየው በቀይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። 80 ያገኘው ይደሰታል፤ 45 ያገኘው ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይደብቃል። ሁለቱም የሳቱትን ጥያቄ መለስ ብለው ሳያዩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። ፀሐይዋ ፈንድታለች፣ አዲስ ዙር ተጀምሯል፤ ነገር ግን ካለፈው ዙር የተሻገረ ነገር የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ልማድ እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የተመለሰለትን ፈተና ይዞ በአንድ ደብተር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የትኛውን ጥያቄ ሳትኩ፣ ያኔ ለምን እንደዚያ አሰብኩ፣ አሁንስ ምን አወቅሁ። መምህሩም ለዚህ ደብተር ነጥብ ይስጥ።

መምህራን «የትምህርቱን ይዘት እንኳ በጊዜው መጨረስ አልቻልንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ለዚህም በአንድ የትምህርት ዓይነትና በአንድ ፈተና መጀመር ይበቃል። ወላጆችም «ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ውጤት ነው» ትሉ ይሆናል። ይህም እውነት ነው። ግን በዘጠነኛ ክፍል ያልገባው አልጀብራ በአስረኛ ክፍል ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የቀድሞው ቁጥር አያድነውም።

ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የቱን ሳትክ? ለምን?» የሚለውንም ይጨምሩ። ጌም ሲጫወት ካዩትም ከመቆጣትዎ በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ማስረዳት ከቻለ ያዳምጡት፤ ካልቻለ ያን ጊዜ የሰዓት ገደብ ያብጁለት። እንቅልፍን የሚያስጥል ጌም፣ ይህኛውም ቢሆን፣ መልካም ጌም አይደለም።

ይህ ጌም በአማርኛ አልተዘጋጀም፤ የሚነበበውም ብዙ ነው። ኮምፒዩተር ያለውም ሁሉም ቤት አይደለም። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን በአንድ ስክሪን ላይ በጋራ ቢሞክረው እወዳለሁ፦ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአማርኛ ያስረዳ፣ የቀሩት የታየውን ይመዝግቡ፣ ይከራከሩ። ከዚያ የሚወጣው ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ጥሩ ጽሑፍ ይሆናል።

ተማሪዎች፣ በዚህ ዓመት የሳታችሁትን ጥያቄ አትጣሉት፤ የፈተና ወረቀቶቻችሁን በክረምቱ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እዩአቸው። መልካም የዕረፍት ጊዜ።