ቁጥሩ ወደ ላይ ብቻ አይሂድ

እ.ኤ.አ. በ1986 ቡታጅራ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጠ፤ ነዋሪውን ቆጠረ። ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደቱን፣ ሞቱን፣ ጋብቻውንና ፍልሰቱን መዘገቡ። ምዝገባው ለዓመታት በመዝለቁ የሕፃናት ሞትና የአእምሮ ሕመም ተጠናበት፤ በርካታ የአገራችን ተመራማሪዎችም ዶክትሬታቸውን ሠሩበት።

ዛሬ የመረጃ መሰብሰቢያው መሣሪያ ረቅቋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደር አላቸው፤ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የኮምፒውተር የመረጃ ሥርዓት ይልካሉ። ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ብሎ ከተነሣም ዓመታት አልፈዋል። የሚያሳስበን ሪፖርት በሰዓቱ ማድረስ ብቻውን እንደ ግብ እንዳይቆጠር ነው። በአንድ ቀበሌ ክትባት የሚያቋርጡ ሕፃናት ሲበዙ ቁጥሩን ቀድሞ ማየት ያለበት ራሱ የመዘገበው ጤና ጣቢያ ነው። ለምን አቋረጡ? መንገዱ ርቆ ነው? ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ተጋጭቶ ነው? ጥያቄው ተነሥቶ መልሱ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ነባሩ ባለሙያ በተዛወረ ቁጥር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም እንደ አዲስ ይጀምራል።

የወልቂጤና የቡታጅራ የጤና ኃላፊዎች የአፈጻጸም ግምገማውን ከሪፖርት ንባብ አውጥተው መማማሪያ ያድርጉት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም መምህራኑንና ተማሪዎቹን ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ይላክ፤ ያጠኑትንም መጀመሪያ መረጃውን ለሰጣቸው ሕዝብ ይንገሩ።