ለውኃው የደከመ ገበሬ ይከፈለው

የኒው ዮርክ ከተማ ከምትጠጣው ውኃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚመጣው ከካትስኪል ተራሮችና ከደላዌር ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ነው። ወደ 9 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የሚደርሰው ይህ ውኃ ግድብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የላም በረት ደጃፍ፣ የበቆሎ ማሳና የግጦሽ መስክ አቋርጦ ያልፋል። ያም ሆኖ ማጣሪያ ጣቢያ አይገባም። ተህዋስያኑ በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ይገደላሉ፤ ወደ ቧንቧው የሚገባው ግን ሳይጣራ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ከተማዋ ገንዘቧን በማጣሪያ ፋንታ በተፋሰሱ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ በገበሬው በረት ላይ ለማዋል ስለወሰነች ነው። በዘመናችን በከተማ ውኃ ላይ ከተደረጉ ውሳኔዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

የተጀመረው በግዴታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ የመጠጥ ውኃ ሁሉ እንዲጣራ፣ ተፋሰሱን በደንብ መጠበቁን ያስመሰከረ ከተማ ብቻ ከግዴታው ነፃ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አወጣ። ለካትስኪልና ለደላዌር ውኃ ማጣሪያ ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር፣ ለማንቀሳቀስ ደግሞ በየዓመቱ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልግ ተገመተ። ከተማዋ በመጀመሪያ የሞከረችው ሹማምንት ሁሉ የሚቀናቸውን ነው፤ ከጅረት ዳር በተወሰነ ርቀት ውስጥ የእርሻ ሥራን የሚገድብ ረቂቅ ደንብ አዘጋጀች። ገበሬው በቁጣ ተነሣ። ቂሙ የቆየ ነበር፤ የፔፓክተንና የካኖንስቪል ግድቦች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲሠሩ መንደሮች ከነመቃብራቸው ተነሥተዋል። የዚያ ተራራ ሰው የከተማውን ደንብ በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን በብዙ አገር የማይደፈር ነገር ነው። የወቅቱ የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚሽነር አልበርት አፕልተን ረቂቁን ወደ ጎን አድርገው ከገበሬዎቹ ጋር ለድርድር ተቀመጡ። ውሉ ቀላል ነው። ከተማዋ ወጪውን ትሸፍናለች። ሥራውን የሚመራው ገበሬዎች የሚበዙበት ምክር ቤት ነው። ማንም ገበሬ ተገድዶ አይገባም፤ ነገር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ 85 በመቶው ካልገባ ውሉ ይፈርሳል፣ ደንቡም ይመለሳል። ምክር ቤቱ በደላዌር አውራጃ፣ ዎልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጽሕፈት ቤቱን ከፈተ። በአምስት ዓመት ይደረስበታል የተባለው 85 በመቶ ሞልቶ ተረፈ፤ ውሎ አድሮም ተሳታፊው ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ከተማዋ፣ ክፍለ ግዛቱና የተፋሰሱ ቀበሌዎች ሰፊውን ስምምነት ሲፈራረሙ የገበሬው ፕሮግራም በእግሩ ቆሞ ነበር።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ለማየት አንድ የጥጃ ቤት ይበቃል። ጥጃ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ከያዘው ያስቀምጠዋል፤ በእበቱም ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው የተህዋሱን እንቁላል ይጥላል። ክሎሪን ይህን ተህዋስ አይገድለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በሚልዋኪ ከተማ ውኃ ውስጥ ገብቶ 400 ሺህ ያህል ሰው አሳምሟል። ስለዚህ ምክር ቤቱ ጥጆችን ከላሞቹ የሚለይ ደረቅ፣ ብርሃንና አየር የሚገባው ቤት ለገበሬው ሠራለት፤ እያንዳንዱ ጥጃ የራሱ ጉረኖ አለው፣ ጉዝጓዙ ይለወጣል፣ እበቱም ከጅረቱ ርቆ ይቀመጣል። ኒው ዮርክ ተህዋሱን ከምንጩ ያዘች። ገበሬው ደግሞ የሚሞትበት ጥጃ ቀነሰ፣ የሐኪምና የመድኃኒት ወጪው ቀለለ። እንዲህ ያለው ሥራ ተቆጣጣሪ አያሻውም፤ ባለቤቱ ራሱ ይጠብቀዋል።

ሌላውም ሥራ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። የዝናብ ውኃ በረቱን አጥቦ እንዳይወርድ ማፋሰሻ ተሠራ፤ ላሞች ጅረት ውስጥ ቆመው እንዳይጠጡ አጥር ታጥሮ ገንዳ ተተከለላቸው፤ እበት በበረዶ ላይ እንዳይበተን ማከማቻ ተገነባ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት በጅረት ዳር ያለ መሬቱን ለሣርና ለዛፍ ለሚለቅ ገበሬ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች አንድ የታወቀ መርሕ ይጠቅሳሉ፤ የበከለ ይክፈል ይላሉ። መርሑ ቧንቧውን ወንዝ ላይ ለደቀነ ፋብሪካ ትክክል ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩ በረቶች ላይ ግን ማን የማንን እበት ይለካል? በቅጣትና በወጪ ብዛት የከሰረ ገበሬስ መሬቱን ለማን ይሸጣል? ለቤት ገንቢ ነው። እርሻው አስፋልትና መኖሪያ ቤት ሲሆን ውኃው ከቀድሞው ይብሳል። ለዚህ ማስረጃው እዚያው ኒው ዮርክ አለ። ለከተማዋ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የክሮተን ተፋሰስ በቤትና በመንገድ ስለተሞላ ማጣሪያ ሊገነባለት ግድ ሆነ፤ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ። ክሮተን ለከተማዋ የሚሰጠው ከውኃዋ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው። ለዘጠኙ እጅ ተፋሰስ ጥበቃ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የወጣው በጠቅላላው ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብዙም አይርቅም።

ሌሎች ደግሞ ገበሬ ክፍያ ከለመደ ያለ ገንዘብ አይሠራም ይላሉ። ከተማው ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለፓምፕ ጥገናውና ለኬሚካሉ ሲከፍል ይህን ያለ የለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው በከፊል ከለገዳዲ ግድብ፣ የጎንደር ሰው ከአንገረብ ግድብ ይጠጣል፤ ሁለቱም ግድቦች የሚሞሉት የገበሬ ማሳ አቋርጦ በሚመጣ ጎርፍ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የለገዳዲ ውኃ ቡና መስሎ ይደፈርሳል፤ ጭቃውን ለማርጋት ኬሚካል ይጨመርበታል። የአንገረብ ግድብ ደግሞ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውኃ ቀንሷል። ችግሩ ግን ከደላዌሩ ይለያል። እዚያ የሚያስቸግረው የተትረፈረፈ እበት ነው። እዚህ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማሳው ያለ ፍግ ይቀራል፤ ወደ ግድቡ የሚወርደው አፈሩ ራሱ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ገንዘብ መዋል ያለበት በእርከን ጥገና፣ በእርከን ጫፍ በሚተከል የደሾና የቬቲቨር ሣር፣ ልቅ ግጦሽን በሚያስቀር መኖና እንጨትና ኩበት በሚቆጥብ ምድጃ ላይ ነው።

እስካሁን የተኬደበት መንገድ የዘመቻ መንገድ ነው። በበጋ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ገበሬው ለሳምንታት ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ በሴፍቲኔት የታቀፈው ብቻ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። ከብት ከተለቀቀበት በኋላ እርከኑ ስንት ክረምት እንደሚቆይ ገጠር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ባለሙያው ደግሞ ከወንዝ ዳር አሥር ሜትር ሳይታረስ እንዲተው ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገበሬው ብቻ ነው። ማሳው በወንዙ ዳር አንድ መቶ ሜትር ከተዘረጋ የሚተወው መሬት አንድ ሺህ ካሬ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ጥማድ ሁለት አምስተኛ ያህል ይሆናል። ሦስት ጥማድ ያለው ቤተሰብ ያንን የጤፍ ምርት በነፃ ለከተማ ሰው ይስጥ ማለት ግፍ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው የኒው ዮርክ መልስ ግልጽ ነው፤ ከሚጠጣው ሰው የውኃ ሒሳብ። አዲስ አበባም ጎንደርም በየወሩ ቆጣሪ ያነብባሉ፣ ሒሳብ ይሰበስባሉ። በዚያ ሒሳብ ላይ ለላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ብቻ የሚውል ክፍያ ይጨመር፤ በትንሽ የሚጠቀም ድሃ ቤተሰብ ነፃ ይሁን፤ ገንዘቡንም የሚያስተዳድረው ገበሬዎች የሚበዙበት ምክር ቤት ይሁን። የሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን የውኃ ታሪፍ ሲያሻሽሉ ይህን ይወስኑ።