ተጫዋች መግዛት ወይስ ቡድን መሥራት?

ባለፈው እሑድ ማታ በወንዶች መኝታ ቤት የተነሳው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት እንዳላስተኛን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥተው «መብራት አጥፉ!» ብለዋል። መብራቱ ጠፋ፤ ክርክሩ ግን በጨለማም ቀጠለ። ነገሩ የተጀመረው በአንድ የጊዮርጊስና በአንድ የቡና ደጋፊ መካከል ነበር፤ ኋላ የፋሲሉም፣ የሐዋሳውም፣ የጅማውም ልጅ ገባበትና የቀበሌ ስብሰባ መሰለ። ከፊሉ «ቡድን የሚሠራው በገንዘብ ነው፤ ደህና ደህና ተጫዋች ግዛ፣ አሰልጣኙ ማንም ይሁን» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ «ከታች ያላሳደግኸው ልጅ ለማልያህ አይሞትልህም» ይላል። እኔ በዚያን ሌሊት ብዙም አልተናገርኩም። እንደዚያ ባለ ቦታ የሚሰማው ጉሮሮ ያለው ነው። ስለዚህ ያላልኩትን በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ለውድ መምህራንና ለዕጩ መምህራን ጓደኞቼ ማቅረብ ወደድኩ።

ጉዳዩን በጥሞና ስንመረምረው ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ሰው አለ፤ ይኸውም አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌን እንውሰድ። በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ያነሳው በእሳቸው አሰልጣኝነት ነበር። በዓመቱ ወደ መቐለ ሄዱ፤ በ2011 ዓ.ም መቐለ 70 እንደርታ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ክለቡን ሳይሆን ሰውየውን ተከትሎ የሄደ ነው የሚመስለው። «ዕድለኛ ናቸው እንጂ» ያሉ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዋንጫ አበቁ። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ክለብ፣ አንድ ሰው። ዕድል ሦስት ጊዜ በአንድ ሰው በር ላይ ቢቆም እኔ ዕድል አልለውም።

እዚህ ላይ የጊዮርጊሱ ወዳጄ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጅማስ ቢሆን ኦኪኪን ገዝቶ አይደለም ወይ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። እኔም መግዛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ልዩነቱ፣ ለአንድ ለታወቀ ጉድለት አንድ ሰው መግዛትና ገበያ ወጥቶ ያገኙትን ሁሉ በዘንቢል መሰብሰብ አንድ አለመሆናቸው ነው። እናቶቻችን ሾላ ገበያ የሚሄዱት ቤት ውስጥ የጎደለውን አይተው ነው። አንዳንድ ክለቦቻችን ግን በየክረምቱ አሥርና ከዚያ በላይ ተጫዋች ያስፈርሙና አሰልጣኙ መስከረም ላይ ስማቸውን ማጥናት ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለም?

ስለ ገንዘቡ ካነሳን አይቀር፣ በ2011 ዓ.ም ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። (ዕጩ መምህር የሆንን ሰዎች ይህን ቁጥር ስናነብ ትንሽ ትንፋሽ መውሰዳችን አይቀርም፤ ይሁን።) ውሳኔው ከወጣ በኋላ ደግሞ «ጣሪያው በወረቀት ነው፣ ቀሪው በእጅ ይሰጣል» እየተባለ ሲወራ ኖረ። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግም የደመወዝ ጣሪያ አለ። ነገር ግን እዚያ ጣሪያው በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልተጣለም፤ የቡድኑ ሁሉ ደመወዝ ተደምሮ ይለካል። ስለዚህ ለአንድ ኮከብ ብዙ የከፈለ ክለብ ለሌላው ማጣቱ አይቀርም፤ ማሰብ ይገደዳል። ከዚህም በላይ ዘንድሮ ተሸንፎ የተዋረደው ቡድን ከየኮሌጁ የሚወጡትን ወጣቶች ለከርሞ ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ የሰፋ ነው። የእኛ ልጆች ይህንን ሰምተው «እኛም እንዲህ ይደረግልን» ይላሉ። ደግ! ግን እነዚያ ወጣቶች የሚመረጡት ከየት ነው? ከትምህርት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ሊጉ ተራ አስጠብቆ የሚያስመርጣቸው ልጆች በየትኛው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አሉ? ከመሪ እስከ ኮተቤ ያለውን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ልጆች ኳስ የሚጫወቱት የት እንደሆነ አይቶ ይሆናል። ግንባታ ያልደረሰበት ቁራሽ መሬት ላይ ነው፤ እሱም አጥር እስኪዞርበት ድረስ።

የድሮውን ሰው ካልጠራን ደግሞ ክርክሩ ሙሉ አይሆንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪው ሰዓት ጨረሱት። ግርማ ተክሌ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፤ አራት ግብ፣ አራት አግቢ። ለእኔ ከዋንጫው ይልቅ የሚደንቀኝ ይኸ ነው። ግቡን የሚጠብቀው ከአንድ ሰው ብቻ ያልሆነ ቡድን ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫዋን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ጨዋታ ነው። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ የጎረቤት ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ሲሮጥ ብቻ ነው። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ግብ ተቆጠረብን። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። በአራት ቀኑ ግን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ረታችን፤ ያውም የእነሱ በረኛ በቀይ ወጥቶባቸው። በመጨረሻም ናይጄሪያ 2 ለ 0።

እስከ ዛሬ ድረስ በሻይ ቤት የሚነሳው ነገር አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ማንን መያዝ ነበረባቸው፣ ማንን መተው ነበረባቸው የሚለው ነው። ከግብፅ ክለብ ሳላዲንን፣ ከስዊድን የሱፍ ሳላህን፣ ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂምን ጠርተዋል፤ የቀሩት አብዛኞቹ የሀገር ውስጥ ልጆች ነበሩ። «ውጭ ያለውን ለምን አበዙት» የሚልም «ለምን አላበዙትም» የሚልም አለ። በእኔ አስተያየት የአሥር ሰው ቡድን ዛምቢያን የያዘው ተጫዋቾቹ ለብዙ ጊዜ አብረው ስለቆዩ ነው፤ ቡርኪና ፋሶ የበረታችብን ደግሞ ማጥቃት ስንሞክር ኋላችንን ክፍት ስለተውነው ነው። ይህ የምርጫ ስሕተት አይደለም፤ የስልት ነው። ከምድባችን ያለፉት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ለፍጻሜ መገናኘታቸውን መርሳትም ፍርድ ማጓደል ነው።

ያው ቡድን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለው ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ 3 ነጥብ ተቀነሰብን፤ ቢሆንም ምድቡን መርተን ለዓለም ዋንጫ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ጥሎ ማለፍ ደረስን። አቤት ያ ቅጣት! አሥራ አንድ ሰው መምረጥ ኳስ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ መዝገብ መያዝም ነው። የቢጫ ካርድ የሚመዘግብ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ስንት ብር ነው?

ከዚያ በኋላስ? ሰውነት ቢሻው በ2006 ዓ.ም ተሰናበቱ። ከዚያ ዓመት እስከ 2013 ዓ.ም ድረስ ማርያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ ተፈራርቀዋል። በሰባት ዓመት ስድስት አሰልጣኝ! አንዱ ፖርቹጋላዊ ነው፤ አንዱ ከየመን ብሔራዊ ቡድን ጋር የሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። በመምህርነት ቋንቋ ልናገር። አንድን ክፍል በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት መምህር ቢፈራረቅበት፣ አንዱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሌላው ከመካከል ቢጀምር፣ ተማሪው ማትሪክ ሲወድቅ የሚጠየቀው ተማሪው ነው ወይ? ወደ እንጦጦ ቀና ብለን እንይ። በየማለዳው በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡት አትሌቶች የሚከተሉት መንገድ የተቀየሰው በዓመትና በሁለት ዓመት አይደለም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ለረጅም ዘመን በቦታቸው ቆይተው ነው እነ ደራርቱን፣ እነ ኃይሌን፣ እነ ቀነኒሳን ለወግ ያበቁት።

የውበቱ አባተ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ጥር 2014 ዓ.ም ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ስንሸነፍ፣ ከቡርኪና ፋሶም 1 ለ 1 ስንለያይ «ከበረኛ ጀምሮ ኳስ እየተቀባበሉ መውጣት ለእኛ አይሆንም» ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም ብያለሁ፤ አልክድም። አምስት ወር ቆይቶ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም፣ ያው ቡድን በዚያው አጨዋወት ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ነበሩ ያገቡት። ሳላህ አልነበረም፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ጨዋታው የተደረገው ማላዊ ነው! ስታዲየማችን የአፍሪካን መመዘኛ ስላላሟላ «የሜዳችን» የተባለው ጨዋታ አንዴ ማላዊ፣ አንዴ ሞዛምቢክ፣ አንዴ ሞሮኮ፣ አንዴ ታንዛኒያ ሲደረግ ኖሯል። ከመሪ ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም ወርዶ ብሔራዊ ቡድኑን ማየት የሚናፍቅ ወጣት ውጤቱን በስልክ ነው የሰማው። እንደዚህ ሆኖ የሚያሸንፍን ቡድን አሰልጣኝ በጥር ወር እንዳባረርነው አድርጎ መናገር ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ቡናው ወዳጄ ልመለስ። ካሳዬ አራጌ፣ የቡና የቀድሞ ተጫዋች፣ በአሰልጣኝነት ተመልሰው በአጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን ለመሥራት ሲነሱ ደጋፊው ልቡን ሰጣቸው። በ2013 ዓ.ም አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። ዋንጫው ግን የፋሲል ከነማ ሆነ፤ ቡና ሁለተኛ። «አየኸው፣ ውበት ዋንጫ አይሆንም» አለኝ የጊዮርጊሱ። እኔ እንደሱ አላየውም። ቡና ከዚያ በፊት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም ነው፤ ያኔም አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበሩ። ማለትም ኳስ መያዝ የሚወድ ሰው ዋንጫ አያነሳም የሚለው በራሱ በቡና ታሪክ ውድቅ ነው። የካሳዬን ቡድን የጎዳው በእኔ ግምት ኳሱን ሲነጠቅ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው። ወዳጄ በዚህ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ለተቋማት ውድድር የሚሄደው የራሳችን ቡድን ስም ዝርዝር በዚህ ሳምንት ተለጥፏል። ከ18ቱ 13ቱ ቀደም ሲል በክለብ ታዳጊ ቡድን የታቀፉ ልጆች ናቸው፤ ሦስት አጥቂ አንድ ዓይነት፣ ግራ እግር ያለው ተከላካይ ግን አንድም የለም። ዝርዝሩ ሲወጣ ልምምድ እንኳ አልተደረገም ነበር። የስፖርት ኮሚቴው «ጊዜ የለም፣ የተዘጋጀ ሰው ያስፈልጋል» ብሏል። ጊዜ አለመኖሩ እውነት ነው። ይሁንና ከመጀመሪያው ዓመት ልጆች መካከል ማለዳ ማለዳ ታችኛው ሜዳ ላይ በጭቃ የሚጫወቱ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ አሉ፤ አንድም ቀን የመጣ መራጭ የለም። እኔ የእነሱ ጠበቃ አይደለሁም፤ እኔ ራሴ ከተጠባባቂ በላይ የምሆን ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ስድሳ ልጅ ያለበት ክፍል ይሰጠናል፤ ለዚያ ክፍል የተዘጋጀ ተማሪ ከሌላ ትምህርት ቤት አስፈርመን አናመጣም። መምህሮቻችን በየቀኑ የሚነግሩን «የመጣላችሁን ልጅ ዕወቁት» የሚለውን አይደለም እንዴ? ታዲያ በክፍል የምንማረውን ሜዳ ላይ ስንደርስ ለምን እንጥለዋለን?

ስለዚህ ኮሚቴውን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ዝርዝሩ ይቆይና አምስት ቦታ ክፍት ይሁን። ቅዳሜ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ተኩል ታችኛው ሜዳ ላይ 13ቱ ከጭቃ ልጆች ጋር ይግጠሙ፤ አሰልጣኙም ግራ ተከላካይ እየፈለጉ ይዩ። ኳስ የለም እንዳይባል የእኔን አመጣለሁ፤ ትንሽ አየር ያስወጣል እንጂ ይጫወታል።