በመዝገብ ያልተጻፈውም ሰው ነበረ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነትነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ተረቱ ሳይመልሰው ያለፈ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በጽሑፍ ሳይገባ የቀረው ሰውስ እንደ ምን ይሁን? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር የስኮትላንድ አገር የክርስትና መዝገቦች ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ስኮትላንድ ልጆችዋን ወደ ባሕር ማዶ የሰደደች አገር ናት። በ1773 «ሄክተር» የተባለች መርከብ ስደተኞችን ጭና በዛሬዪቱ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ደረሰች፤ በ1848 ደግሞ ሌሎች ስኮትላንዳውያን በኒው ዚላንድ የደኒደንን ከተማ ቈረቈሩ። ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፥ የእነዚህ ስደተኞች የልጅ ልጆች ዛሬ «እኛ የማን ዘር ነን?» እያሉ ወደ አያቶቻቸው አገር ይመለሳሉ። ሲመለሱም የሚገልጡት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን መዝገብ ነው፤ ምክንያቱም በስኮትላንድ መንግሥት ልደትንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1855 ሲሆን ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የምትሠራው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከመዝገቦቹ ሁሉ የቀደመው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን የተጀመረውም በ1553 ነው። ከ900 ከሚበልጡ አጥቢያዎች የተሰበሰቡት 3,500 ያህል መዝገቦች በኤዲንብራ ከተማ በመንግሥት እጅ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ዛሬ ግን ፈላጊው በቤቱ ሆኖ ምስላቸውን በኮምፒዩተር ሊያይ ይችላል።

እንደ ምሳሌ ስመ ጥሩውን ባለቅኔ ሮበርት በርንስን እንውሰድ። በርንስ ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 በአሎዌይ መንደር ተወልዶ በማግስቱ ክርስትና ሲነሣ፥ የኤር አጥቢያ መዝገብ የልጁን ስም፥ የአባቱን የዊልያምንና የእናቱን የአግነስ ብራውንን ስም፥ ያጠመቀውንም ቄስ ስም ጽፎ አስቀመጠ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን እናቲቱ በባልዋ ስም ተሸፍና አለመቅረትዋን ነው። የስኮትላንድ ጸሐፊዎች ሴትዮዋ ከአባትዋ ቤት ይዛው የመጣችውን የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ ይጽፉ ነበር። በጎረቤቱ በእንግሊዝ አገር መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ የግል ስምዋ ብቻ ይጻፍ ስለ ነበር የእናት ወገን ወዲያው ይጠፋል።

ፈላጊውን የሚመራው ሌላው ነገር የስም አወጣጥ ልማድ ነው። የበኵር ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፥ ሁለተኛው በእናቱ አባት፥ ሦስተኛው በራሱ አባት ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያይቱም ሴት ልጅ የእናትዋን እናት ስም ትወርሳለች። በበርንስ ቤትም ሮበርት፥ ጊልበርት፥ ዊልያምና አግነስ ስማቸውን ያገኙት በዚህ ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን ሁለተኛይቱ ሴት ልጅ እንደ ልማዱ በአባትዋ እናት በኢዛቤላ ስም መጠራት ሲገባት አናቤላ ተባለች፤ የአያቲቱ ስም የደረሰው ለታናሽ እኅትዋ ነው። ስለዚህ ልማድ መንገድ ያሳያል እንጂ ምስክር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ሦስት ወንድማማቾች የበኵር ልጆቻቸውን በአንድ አያት ስም ሲጠሩ፥ በአንድ አጥቢያ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት የአጎት ልጆች ይገኛሉ። ስምን ብቻ አይቶ «አያቴን አገኘሁ» የሚል ሰው የሌላውን አያት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ1783 የለንደን ፓርላማ በመዝገብ ለሚገባው ለእያንዳንዱ ክርስትና፥ ጋብቻና ቀብር 3 ፔንስ ቀረጥ እንዲከፈል ደነገገ። ሕጉ ለችግረኞች ምሕረት ቢያደርግም በ1794 እስኪሻር ድረስ አያሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሳያስጽፉ ቀሩ። ደግሞም በ1843 ከ450 የሚበልጡ ቄሶች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ ምእመናን ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ብዙ ልጆችም በቀድሞው የአጥቢያ መዝገብ አይገኙም። እንግዲህ ከመዝገብ መታጣት ካለመኖር ጋር አንድ ነው ሊባል ይገባልን? አይገባም። ያ ሕፃን ተወልዶአል፤ አልቅሶአል፤ አድጎም በሬ ጠምዶአል ወይም ሸማ ሠርቶአል። የጐደለው መዝገቡ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ያላገባች ሴት ስታረግዝ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቀርባ የልጁን አባት እንድትናገር ትጠየቅ ነበር፤ መልስዋም በጉባኤው መዝገብ ይጻፋል። በርንስ ራሱ በ1786 ዣን አርመርን ከጋብቻ በፊት በማስረገዙ በሞክሊን ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ቆሞ ተገሥጾአል። በክርስትናው መዝገብ አባቱ ያልተጠቀሰ ልጅ አባቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ በተግሣጽ መዝገብ ውስጥ ነው። ስለ ልጁ ሲባል የእናትን ኀፍረት የጻፈው ብዕር ጨካኝ ነበረ፤ ሆኖም እርስዋንና ልጅዋን ከመረሳት ያዳናቸውም ያው ብዕር ነው።

እኔን ግን የሚያሳዝነኝ ዛሬ አንዳንድ ፈላጊዎች ይህን የመሰለውን ገጽ አልፈው ወደ ግንብና ወደ ጋሻ ሲሮጡ ማየት ነው። በስኮትላንድ የሚገኙ ሱቆች «የቤተሰብዎ ዓርማ» እያሉ ለእንግዳ ይሸጣሉ። ነገር ግን በዚያ አገር ሕግ ዓርማ የአንድ የታወቀ ሰው ንብረት ነው እንጂ ያንን ስም የያዘ ሁሉ የሚጋራው አይደለም። የጐሣ አለቃ ስም መያዝም የአለቃው ሥጋና ደም መሆንን አያስረዳም፤ በመሬቱ ተጠግተው የኖሩ ጭሰኞችም ስሙን ይይዙ ነበርና። ታዲያ ለአንድ ሰው ያልወለደውን መኰንን አያት አድርጎ ከመቀበል የወለደችውን ገረድ ማወቅ አይሻለውምን? ሐሰተኛውን ጌታ ወደ ቤት ማስገባት ማለት እውነተኛይቱን ድሃ ሁለተኛ ጊዜ ከቤት ማስወጣት ነው።

ስለዚህ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ክብርን ሳይሆን እውነትን አስቀድሞ ይፈልግ። ከሩቅ ዘመን ሳይሆን ከቅርቡ፥ ማለትም ከ1855 በኋላ ከተጻፈው የመንግሥት መዝገብ ይነሣ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይራመድ። ስምን ከአባት ሥራ፥ ከእናት ስም፥ ከመንደርና ከምስክሮች ጋር ያስተያይ። ማስረጃው በተቋረጠበት ቦታ የሚያምር ስም ከመቀጠል ይልቅ ቦታውን ባዶ ይተወው። ያ ባዶ ቦታ 3 ፔንስ ያልነበረው ሰው ስፍራ ሊሆን ይችላልና፥ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት አይገባም።