ባሕሩ የእኛ፣ ወደቡ የማን?

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ያለ ባሕር በር ከቀረች ወዲህ በየመኝታ ክፍሉ ስለ ወደብ የማይሟገት ተማሪ የለም። ስለ ቀይ ባሕር ስንሟገት ግን ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንሰውን ጣናን ረስተነዋል። ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁ፣ ግልገል ዓባይ፣ ከእኛው ደጋ ከሰከላ የሚነሣ ነው። እኛ ግን መቅዘፍ ቀርቶ መዋኘት እንኳ የምንችል ጥቂቶች ነን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ሳንሸፋፍን እንናገራለን፤ የተማሪዎች የታንኳና የጀልባ ክበብ ያስፈልገናል። ክበብ ስንልም ማኅተሙ በጽሕፈት ቤት መሳቢያ የሚቆለፍበት፣ ሊቀ መንበሩ ከላይ የሚሾምለት፣ በጀት ሲቋረጥ አብሮ የሚሞት ክበብ ማለታችን አይደለም። አባላቱ ራሳቸው የሚያዋጡበት፣ የሚመርጡበትና ሒሳቡን የሚመረምሩበት ማለታችን ነው።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። ለመሆኑ ቅንጦቱ የቱ ላይ ነው? በስዊድን ባሉ ብዙ የጀልባ ክበቦች አባላቱ መወጣጫውን በገዛ እጃቸው ይጠግናሉ፤ ሌሊትም በተራ ወደቡን ይጠብቃሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድራችን ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ፣ ያልተገኘውን አባል ቀጥቶ ይኖር የለምን? ድንኳን በጋራ መያዝ የሚያውቅ ሕዝብ የታንኳ ማቆሚያ በጋራ መያዝ እንዴት ያቅተዋል?

ሌሎች ደግሞ «ታንኳ የድኻ ዕቃ ነው» ይላሉ። በ1962 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ ሁለት» በምትባል የደንገል ጀልባ በሸራ እየተነዳ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን በ57 ቀን ተሻግሯል። ደንገሉ የኢትዮጵያ ነበር። የሠሯት ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ቦሊቪያዊው በሙያው ተፈልጎ ባሕር ተሻግሮ ሲጠራ፣ እኛ የራሳችንን ታንኳ ሠሪ ወይጦ ስንንቅ ኖረናል። አንድ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ደንገል ሲያስር ቁጭ ብሎ መማር የሚያፍር ተማሪ፣ ትምህርቱ ምን አስተማረው?

ወደቡስ ሲሚንቶ ይጠይቃልን? አይጠይቅም። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ለመነሻ የሚያስፈልገን የጸዳ ዳርቻ፣ የማድረቂያ ስፍራ፣ የመቅዘፊያና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ማስቀመጫ ጎጆ ብቻ ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን የወረረውን እንቦጭም ከሩቅ ሆኖ ከማልቀስ ይልቅ፣ በዳርቻው ታንኳ ያለው ሰው ቀድሞ ያየዋል፤ ቀድሞም ይነቅለዋል።

«ሐይቁ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ሰላም የለውም» ለሚሉን መልስ አለን። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን እናውቃለን፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰውንም ማንም አይነግረንም። ነገር ግን ደንብ መጻፍ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ የሰጠመ ሰው እንዴት እንደሚረዳ መማር መንገድ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። እንዲያውም ከታንኳው በፊት ደንቡ ቢወለድ ይሻላል። የመጀመሪያው አንቀጽም፣ ዋና ያልተማረና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያልለበሰ ማንም ሰው አይሳፈርም የሚል ይሁን።

ከመምህሮቻችን ምክር እንሻለን፤ ሞግዚትነት ግን አንሻም። ከተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንሻው ጭብጨባ ሳይሆን በየወሩ የምትከፈል ጥቂት ብር ነው። የራሱን ዳርቻ በጋራ ማስተዳደር ያልተለማመደ ትውልድ፣ ነገ ቀይ ባሕር ቢሰጠው እንኳ ቁልፉን ይዞ የሚቆም ሌላ ዘበኛ መፈለጉ አይቀርም።